ከብቃት መለኪያ እስከ ሪፖርት ካርድ፦ ትምህርት ቤትን በስታንዳርድ ላይ ወደተመሠረተ ትምህርት ለማሸጋገር የሚያግዝ የአሠራር መመሪያ

በአንድ የትምህርት ዓይነት አምስት አምስት ፈተና የወሰዱ ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። አንዷ በተከታታይ 40፣ 55፣ 70፣ 90 እና 95 አመጣች፤ ሌላው በአምስቱም ፈተናዎች 70 አመጣ። የሁለቱም አማካይ ውጤት 70 ስለሆነ ሪፖርት ካርዱ እኩል ያደርጋቸዋል። ሆኖም የመጀመሪያዋ ተማሪ ሲጀመር ያልገባትን ትምህርት ደረጃ በደረጃ ተረድታ ዛሬ ጠንቅቃ የምታውቅ ስትሆን፣ ሁለተኛው ግን የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ሳይለይለት ዓመቱን የጨረሰ ነው። አማካይ ውጤቱ የመጀመሪያዋን ልፋት ደብቋል፤ የሁለተኛውንም ክፍተት ሸፍኗል።

በስታንዳርድ ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚነሣው ከዚህ ችግር ነው። ስታንዳርድ ማለት ተማሪው በክፍል ደረጃው ሊያውቀውና ሊሠራው የሚገባው ነገር በጽሑፍ የተቀመጠበት መግለጫ ሲሆን፣ የብቃት መለኪያ ደግሞ ወደዚያ ግብ የሚያደርሰውን መንገድ በእርከን ከፋፍሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ግሌዘር ተማሪን ከጓደኞቹ ጋር በማወዳደርና ከተቀመጠ መስፈርት ጋር በማመሳከር መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉምም በ1968 በቂ ጊዜና ተገቢ እርማት ካገኙ አብዛኞቹ ተማሪዎች የታቀደውን ትምህርት ሊጨብጡት እንደሚችሉ ጽፏል። ከ0 እስከ 4 የሚሄደው የብቃት መለኪያ በስፋት የታወቀው ደግሞ በትምህርት ተመራማሪው በሮበርት ማርዛኖ ሥራዎች ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ትምህርት ቤቶችን ለሚያግዙ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ርእሳነ መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ነው። አስቀድሜ አንድ አቋሜን ልግለጽ። የዚህ ሥራ ልብ ሪፖርት ካርዱ ወይም የውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌሩ አይደለም፤ መምህራን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተማሪ ሥራ እያዩ «ብቁ ማለት ይህ ነው» ብለው የሚስማሙበት ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ይህንን ይከተላል።

አንደኛ እርምጃ፦ ከጥቂቶች ይጀምሩ፤ ጊዜም ያስከብሩ

መላውን ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ለመቀየር አይሞክሩ። ፈቃደኛ የሆኑ ከአራት እስከ ስምንት መምህራንን ይምረጡ፤ ቢቻል በአንድ የትምህርት ዓይነት ቢያንስ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፤ ምክንያቱም ብቻውን ያለ መምህር ውሳኔውን የሚያመሳክርበት ባልደረባ አያገኝም። ርእሰ መምህሩ ወይም ርእሰ መምህርቷ ከቡድኑ ውጭ ሆነው ሪፖርት የሚጠብቁ ሳይሆኑ በስብሰባው የሚቀመጡ መሆን አለባቸው።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ነገር ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈና ለሌላ ጉዳይ የማይነካ፣ ሊኖር ይገባል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በመምህራን በጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመረ ሥራ የፈተና ወቅት ሲመጣ ይቆማል፤ አንዴ ከቆመም ዳግም ማስነሣት ከመጀመር ይከብዳል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ስታንዳርዶች ይለዩ

አንድ የትምህርት ዓይነት በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ለ36 ሳምንታት ቢሰጥ በዓመት 180 ክፍለ ጊዜ ይኖረዋል። በመርሐ ትምህርቱ 60 ስታንዳርዶች ካሉ ለአንዱ የሚደርሰው 3 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማስተማሩ፣ መለማመዱ፣ መመዘኑና ለቀሩት ተማሪዎች መድገሙ ሁሉ በዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት። ይህ አይሆንም። ስለዚህ በጥልቀት የሚሠራባቸውንና በብቃት መለኪያ የሚመዘኑትን ከ12 እስከ 20 የሚሆኑ ስታንዳርዶች መምረጥ ያስፈልጋል። የቀሩት አይሰረዙም፤ ይማሯቸዋል፣ ከተመረጡት ጋርም ተያይዘው ይሰጣሉ፤ ለየብቻቸው ግን መለኪያ አይዘጋጅላቸውም።

ምርጫው ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ። ይህ እውቀት ከዓመቱ ፈተና በኋላም ተማሪውን ያገለግለዋልን? በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ያስፈልገዋልን? የሚቀጥለው ክፍል ትምህርት ያለ እርሱ ይቆማልን? እያንዳንዱ መምህር በመጀመሪያ ብቻውን ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫዎቹን አንድ ላይ ያወዳድሩ። አስቀድሞ በጋራ ውይይት ከተጀመረ የአንጋፋው መምህር ምርጫ የሁሉም ምርጫ ሆኖ ይወጣል። ዝርዝሩ ሲጠናቀቅ የሚቀጥለውን ክፍል ለሚያስተምር መምህር ያሳዩት። «ልጆቹ ወደ እኔ ሲመጡ ይህ ይጎድላቸዋል» የሚል አስተያየት የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዝርዝሩን ያሻሽለዋል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የብቃት መለኪያውን ይጻፉ

መለኪያ ሲጻፍ የሚጀመረው ከእርከን 3 ነው፤ ምክንያቱም እርከን 3 ራሱ ስታንዳርዱ ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ እርከን 2 ይጻፋል፤ ይህም ወደ ግቡ የሚያደርሱትን ቀለል ያሉ እውቀቶችና ክህሎቶች ይዘረዝራል። እርከን 4 ተማሪው የተማረውን ባልተማረው ሁኔታ ላይ የሚጠቀምበት ወይም ምክንያቱን ጠልቆ የሚያስረዳበት ነው። እርከን 1 ተማሪው በእገዛ ከፊሉን መሥራት ሲችል፣ 0 ደግሞ በእገዛም ጭምር ምንም ማሳየት ሳይችል ሲቀር ይሰጣል። በሁለት እርከኖች መካከል ላለ ተማሪ እንደ 2.5 ያለ ግማሽ ነጥብ መጠቀም ይቻላል፤ ለጀማሪ ቡድን ግን ሙሉ ቁጥሮቹን ብቻ እንዲይዝ እመክራለሁ።

ለምሳሌ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ስታንዳርድ «የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመርና መቀነስ» ቢሆን፣ መለኪያው እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል።

እርከን 4፦ ተማሪው የተሳሳተ አሠራር ሲሰጠው ስህተቱ የት እንደተፈጠረና ለምን ስህተት እንደሆነ ያስረዳል፤ ወይም የሁለት ታህቶች ብዜት ትንሹ የጋራ ታህት የሚሆነው መቼ እንደሆነ በራሱ ምሳሌዎች ያሳያል።

እርከን 3፦ የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ይህንኑ በቃላት በተገለጸ ፕሮብሌም ላይ ይጠቀማል።

እርከን 2፦ ላዕልና ታህትን ይለያል፤ ለአንድ ክፍልፋይ አቻ ክፍልፋዮችን ያገኛል፤ ተመሳሳይ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች ይደምራል፣ ይቀንሳል።

እርከን 1፦ የእርከን 2ን እና የእርከን 3ን ሥራ ከፊሉን በመምህር ወይም በሥዕል እገዛ ይሠራል።

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው እርከኖቹን «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙውን ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ» በሚሉ ቃላት መለየት ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደተሳካለት ብቻ ስለሚናገር፣ ቀጥሎ ምን መማር እንዳለበት አያመለክትም። ሁለተኛው እርከን 4ን የተጨማሪ ሥራ ሽልማት ማድረግ ነው፤ አሥር ጥያቄ በሠራበት ፈንታ ሃያ የሠራ ተማሪ ከእርከን 3 አልወጣም። ሦስተኛው በአንድ መለኪያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስታንዳርዶችን ማጨቅ ነው፤ ያኔ በአንዱ ብቁ፣ በሌላው ገና የሆነ ተማሪ የት እንደሚመደብ አይታወቅም።

አራተኛ እርምጃ፦ የተማሪ ሥራ ይዛችሁ ተስማሙ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው እርምጃ ይህ ነው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተሙት ጥናት አንድ የጂኦሜትሪ የፈተና ወረቀት ለብዙ መምህራን ተሰጥቶ የተሰጡት ማርኮች ከ28 እስከ 95 ተራርቀው ተገኝተዋል። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ትምህርቱም ትክክልና ስህተት በግልጽ ይለይበታል የሚባለው ሒሳብ ነው። ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዱ መምህር ዋጋ የሚሰጠው ለተለያየ ነገር ስለነበረ ነው። የብቃት መለኪያ ተጽፎ ስለተለጠፈ ብቻ ይህ ልዩነት አይጠፋም።

ስብሰባው የሚካሄደው እንደሚከተለው ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ የሠሩ ተማሪዎች ወረቀቶች ስማቸው ተሸፍኖ ይባዛሉ። እያንዳንዱ መምህር ሳይነጋገር እርከን ይሰጣል፤ ቁጥሩንም ከምክንያቱ ጋር ይጽፋል። ከዚያ ሁሉም ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ይገልጣል፤ ውይይቱም ልዩነት ከታየበት ወረቀት ይጀምራል።

3/4 + 1/6 ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ሦስት ተማሪዎች የሠሩትን እንመልከት። የመጀመሪያዋ 18/24 + 4/24 = 22/24 ብላለች። ሁለተኛው 4/10 ብሏል። ሦስተኛው ምንም አሠራር ሳያሳይ 11/12 ብቻ ጽፏል።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ መምህራን ወዲያው ይከፋፈላሉ። ግማሾቹ «መልሱ አልተቃለለም» ብለው 2 ሲሰጡ፣ ግማሾቹ 3 ይሰጣሉ። ይህን ጊዜ አወያዩ መፍረድ የለበትም፤ «መለኪያው ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነው ያለበት። እርከን 3 መደመርና መቀነስን እንጂ ማቃለልን አይጠቅስም፤ ተማሪዋም 3/4ን እና 1/6ን ወደ ጋራ ታህት አምጥታ በትክክል ደምራለች፤ ስለዚህ በመለኪያው መሠረት 3 ይገባታል። ቡድኑ ማቃለልም መካተት አለበት ብሎ ካመነ መለኪያው ይሻሻላል፤ ተማሪዎቹም ከሚቀጥለው ምዘና በፊት ይነገራቸዋል። በልባችን ያለ፣ በወረቀት ላይ የሌለ መስፈርት ተማሪን ሊያስቀጣ አይገባም።

ሁለተኛው ወረቀት ተማሪው ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት እንደደመረ ያሳያል። ብዙ መምህር ቶሎ 0 ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን 4/10 ከግማሽ ያነሰ ነው፤ የተነሣበት 3/4 ደግሞ ብቻውን ከግማሽ ይበልጣል። ተማሪው ደምሮ ያገኘው ከጀመረበት ያነሰ መሆኑን አላስተዋለም ማለት ነው። የጎደለው የአደማመር ሥርዓቱ ብቻ ሳይሆን የክፍልፋይ መጠን ግንዛቤ መሆኑን ይህ ይነግረናል። በዚሁ ፈተና ውስጥ አቻ ክፍልፋዮችን ካገኘና ተመሳሳይ ታህት ያላቸውን በትክክል ከደመረ በእርከን 2 ላይ ነው፤ እነዚህንም በእገዛ ብቻ ከሠራ እርከን 1 ነው። በአንድ ጥያቄ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ሦስተኛው ወረቀት መልሱ ትክክል ቢሆንም በቂ ማስረጃ አልያዘም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተማሪውን ጠርቶ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ እያስረዳ እንዲሠራ ማድረግ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጭውውት አንዳንዴ ከአንድ ሙሉ ፈተና ይልቅ ይነግራል።

ስምምነት የተደረሰባቸው ወረቀቶች ለእያንዳንዱ እርከን ሁለት ሁለት ሆነው፣ የተወሰነበት ምክንያት በአጭሩ ተጽፎባቸው፣ በአንድ ማኅደር ይቀመጡ። ማኅደሩ ከመለኪያው ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅማል፤ በኋላ ክርክር ሲነሣ የሚመሳከረው በእርሱ ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ፈተናውን ከመለኪያው ጋር ያዛምዱ

ነባሩን ፈተና መጣል አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ የየትኛው ስታንዳርድ የትኛው እርከን እንደሆነ ይጻፉ። ይህን ያደረጉ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ፈተናቸው በእርከን 2 ጥያቄዎች የተሞላ፣ እርከን 3ን ግን በአንድ ወይም በሁለት ጥያቄ ብቻ የሚነካ መሆኑን ነው። እንደዚያ ባለ ፈተና 80 ያመጣ ተማሪ ስታንዳርዱን ደርሷል ማለት አይቻልም። ጉድለቱን ሞልተው ጥያቄዎቹን በእርከን ከፍለው ያቅርቡ፤ ስታንዳርዱ የመናገር፣ የመሥራት ወይም የተግባር ሙከራ ከሆነም በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይመዝኑ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የውጤት መመዝገቢያውን ይቀይሩ

በተለመደው መዝገብ ዓምዶቹ «ፈተና 1»፣ «የቤት ሥራ»፣ «የቡድን ሥራ» ይባላሉ። በአዲሱ ዓምዶቹ የስታንዳርዶቹ ስሞች ይሆናሉ፤ በየስታንዳርዱ ሥርም በተለያየ ጊዜ የተሰበሰቡ ማስረጃዎች ከነቀናቸው ይመዘገባሉ። ለአንድ ስታንዳርድ ቢያንስ ሦስት ማስረጃ ይኑር። የመጨረሻው እርከን ሲወሰን አማካይ አይወሰድም፤ ማስረጃዎቹ ወዴት እንደሚያመሩ ታይቶ ለቅርቡ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። 1፣ 2፣ 3፣ 3 ያለው ተማሪ 3 ነው። 3፣ 1፣ 3፣ 2 ያለው ግን ተጨማሪ ምዘና ያስፈልገዋል።

ጠባይና እውቀት በአንድ ቁጥር አይቀላቀሉ። አራት ጊዜ 90 አምጥቶ አንድ የቤት ሥራ ሳያስገባ በመቅረቱ 0 የተሰጠው ተማሪ አማካዩ 72 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር እውቀቱንም ቸልተኝነቱንም በትክክል አይናገርም። ሰዓት ማክበር፣ ሥራን በጊዜ ማስረከብና ተሳትፎ አስፈላጊ ናቸው፤ ስለዚህ የራሳቸው ቦታ ኖሯቸው ለብቻቸው ይገለጹ። አንዳንድ መምህራን «ማርክ ካልተያዘበት የቤት ሥራ ማን ይሠራል?» ብለው በቅንነት ይጠይቃሉ። ጥያቄው ክብደት አለው። የሚሠራው መልስ የቤት ሥራውን ከቀጣዩ ምዘና ጋር በግልጽ ማስተሳሰር፣ ያልሠራ ተማሪም በትምህርት ቤት ሰዓት ተቀምጦ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ሰዓትና ኃላፊ አስቀድሞ ካልተመደበ ግን የመምህራኑ ሥጋት ይደርሳል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የማጠናከሪያ ትምህርትና የድጋሚ ምዘና ሥርዓት ይዘርጉ

ገደብ የሌለው ድጋሚ ምዘና መምህሩን ያደክማል፤ ተማሪውንም «መጀመሪያ ልሞክር፣ ቆይቼ አጠናለሁ» የሚል ልማድ ያስይዛል። ስለዚህ ደንቡ አጭርና የታወቀ ይሁን። ተማሪው በመጀመሪያ ስህተቱን አርሞ ያቀርባል፤ በማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ይገኛል፤ ከዚያም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ባልደረሰበት እርከን ላይ ብቻ፣ በአዲስ ጥያቄዎች ዳግም ይመዘናል። አዲሱ ማስረጃ የተሻለ ከሆነ የቀድሞውን ይተካል።

ተማሪዎች መለኪያውን ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ማድረግም እዚህ ላይ ይገባል። ትምህርቱ ሲጀመር መለኪያው በሚገባቸው ቋንቋ ይሰጣቸው፤ በየሳምንቱም ያሉበትን እርከንና ለዚያ ያላቸውን ማስረጃ ይጻፉ። «ሒሳብ አይገባኝም» ይል የነበረ ልጅ «ታህቱ ሲለያይ ነው የሚጠፋኝ» ማለት ሲጀምር መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ወላጆችንና ሪፖርት ካርዱን በመጨረሻ ያምጡ

አንድ ያገዝኩት ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከሪፖርት ካርዱ ነበር። መለኪያዎቹ ገና ሳይጻፉ በአንደኛው መንፈቅ ዓመት ማብቂያ ከ1 እስከ 4 ያሉ ቁጥሮች ለወላጆች ተላኩ። መምህራኑ የሚያውቁት ማርክ መያዝን ስለነበር ከመቶ የያዙትን ለ25 አካፍለው ሞሉት፤ ወላጆችም 3 ያመጣውን ልጃቸውን 75 እንዳመጣ ቆጥረው ቅር ተሰኙ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ቅደም ተከተሉን ማስያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚህ በጣም በሰፋ መልክ ሊመከርበት የሚገባ ታሪክ የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ነው። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ በብቃት ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ በ2018 ግን ግዴታው ተነሥቶ ለየአካባቢው ምርጫ ተተወ። በመካከሉ ብቃት ምን ማለት እንደሆነ ትምህርት ቤቶች የተለያየ ነገር ሲረዱ፣ አዲሱ የውጤት አሰጣጥም ከወላጆች ብርቱ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር።

ስለዚህ ከወላጆች ጋር የሚደረገው ስብሰባ ስለ ንድፈ ሐሳብ የሚነገርበት አይሁን። አንድ መለኪያና በእርከን 2 እና 3 ላይ ያሉ ሁለት የተማሪ ወረቀቶች ያሳዩዋቸው፤ ልዩነቱን እነርሱ ራሳቸው እንዲናገሩ ይጋብዙ። እርከን 3 ማለት «ከአራት ሦስቱን አገኘ» ሳይሆን «በክፍሉ የሚጠበቅበትን ሙሉ በሙሉ አሟላ» ማለት መሆኑን በሪፖርት ካርዱ ላይ በጉልህ ያትሙት። ለዝውውር ወይም ለከፍተኛ ትምህርት ከመቶ የተሰላ ውጤት የግድ ከተጠየቀ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ በሰንጠረዡም እርከን 3 የመልካም ተማሪን ውጤት የሚያህል ቦታ ይያዝ። መምህራን በየግላቸው እንዲቀይሩ መተው አያስፈልግም።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት የሙከራ ቡድኑ ስታንዳርዶችን ይመርጣል፣ መለኪያዎችን ይጽፋል፣ በተማሪ ሥራ ይፈትሻል፤ ሪፖርት ካርዱ አይነካም። በሁለተኛው ዓመት ሌሎች መምህራን ይጨመራሉ፤ አዲሱ መዝገብ ከነባሩ ጎን ለጎን ይያዛል። በሦስተኛው ዓመት ሪፖርት ካርዱ ይቀየራል። በየዓመቱ መጨረሻ መምህራን ብዙ የተከራከሩባቸው መለኪያዎች ተለይተው ይታረማሉ፤ አዲስ የሚቀጠር መምህርም ክፍል ከመግባቱ በፊት የወረቀቶቹን ማኅደር ተቀብሎ፣ ስማቸው የተሸፈነ አሥር ሥራዎችን በራሱ መዝኖ፣ የሰጣቸውን እርከኖች ከባልደረቦቹ ጋር ያመሳክራል።